የውሻ የልብ ትል በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ፦ ከምርመራ እስከ ሕክምና የሚያደርስ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዙሪያ ውሻ ለሚያሳድጉ ሰዎች፣ እንዲሁም በእንስሳት ጤና ክሊኒክ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። የልብ ትልን ከሌሎች የውሻ ትሎች የሚለየው ትሉን መግደል ብቻውን ሕክምና አለመሆኑ ነው። የአንጀት ትል ሲሞት ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ በደም ቧንቧ ውስጥ የሞተ ትል ግን መውጫ ስለሌለው ተበጣጥሶ ወደ ሳንባ ይገፋል፣ ቀጫጭኖቹንም የደም ሥሮች ይደፍናል። ስለዚህ ከደም ናሙና አወሳሰድ ጀምሮ እስከ ግቢ አያያዝ ድረስ ከዚህ በታች የተጻፈው ሥራ ሁሉ፣ ትሎቹ በታወቀ ጊዜና በተራ፣ ውሻውም በተረጋጋበት ወቅት እንዲሞቱ ለማድረግ የታሰበ ነው።

ትሉና የሚመጣበት መንገድ

በሽታውን የሚያመጣው ዲሮፊላሪያ ኢሚቲስ የተባለ ክር መሰል ትል ነው። ጆሴፍ ላይዲ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በ1856 እ.ኤ.አ. ስም ሰጥቶ መዘገበው፤ ትንኝ እንደምታስተላልፈው ደግሞ ጣሊያናውያኑ ግራሲና ኖኤ በ1900 እ.ኤ.አ. አሳዩ። ሴቷ ትል ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች፣ በውሻ ሰውነት ውስጥም ከ5 እስከ 7 ዓመት ልትኖር ትችላለች። ስሙ የልብ ትል ይባል እንጂ ዋና መኖሪያው ከልብ ወደ ሳንባ ደም የሚወስደው ደም ቅዳ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ወደ ቀኝ የልብ ክፍልና ወደ ትልቁ ደም መልስ ይዘልቃል።

ትሎቹ በደም ውስጥ የሚለቋቸው ጥቃቅን እጮች ማይክሮፊላሪያ ይባላሉ። ትንኝ ከታመመ ውሻ ደም ስትመጥ አብራ ትወስዳቸዋለች፤ በሰውነቷም ውስጥ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ከ10 እስከ 14 ቀን ቆይተው ሌላ ውሻ ለመያዝ ይደርሳሉ። የአየሩ ሙቀት ከ14 ዲግሪ በታች ሲወርድ ዕድገታቸው ይቆማል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ብትሆንም ቀኗ ሞቃት ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ በመስከረምና በጥቅምት በየቦዩ፣ በተጣለ ጎማ ውስጥ፣ በሐይቁ ዳር ደንገል ሥርና በፎገራ የሩዝ ማሳ የሚተኛው ውኃ ትንኝ ማፍራቱን ለአካባቢው ነዋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ውሻ ከውሻ ጋር በመተሻሸት፣ በመናከስ ወይም በአንድ ሳህን በመብላት ይህ በሽታ አይተላለፍም። ሰውም ከውሻው በቀጥታ አይያዝም፤ አልፎ አልፎ በትንኝ ንክሻ ወደ ሰው የሚገባው እጭ አብዛኛውን ጊዜ ሳያድግ ይሞታል፣ አንዳንድ ጊዜም በሳንባ ላይ ትንሽ እባጭ ይተዋል።

መቼ መጠርጠር፣ መቼ መመርመር

ጥቂት ትል ያለበት ውሻ ለወራት ምንም ላያሳይ ይችላል። ቀስ በቀስ ደረቅ ሳል ይጀምራል፤ ቀድሞ ከባለቤቱ ጋር የሐይቁን ዳር ተከትሎ ይሮጥ የነበረው ውሻ ቶሎ ይደክማል፣ ክብደቱ ይቀንሳል፤ በሽታው ሲከፋም ሆዱ በውኃ ይነፋል፣ ሲሮጥ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ሽንቱ በድንገት ጠቁሮ ድዱ ከገረጣና ከተዝለፈለፈ ትሎቹ ትልቁን ደም መልስ ዘግተው ሊሆን ስለሚችል፣ ጉዳዩ የሰዓታት እንጂ የቀናት አይደለም። እነዚህ ምልክቶች በሳንባ ምች፣ በሌላ የልብ ሕመምና በመዥገር በሚተላለፉ በሽታዎችም ስለሚታዩ፣ ያለ ምርመራ በምልክት ብቻ ወደ ሕክምና መግባት አይገባም።

የምርመራው ጊዜ በትሉ ዕድሜ ይወሰናል። እጩ በንክሻው ቁስል ከገባ በኋላ 70 ቀን ገደማ ሲሆነው ሳንባ ደም ቅዳ ይደርሳል፤ አድጎ ማይክሮፊላሪያ የሚለቀው ግን ከ6 እስከ 7 ወር ሲሞላው ነው። በመስከረም የተነከሰ ውሻ በታኅሣሥ ቢመረመር ውጤቱ «ነጻ» የሚል ይሆናል፣ ይህም ባለቤቱን ያዘናጋዋል። በእኔ አስተያየት ለዚህ አካባቢ የሚስማማው ወቅት ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ያለፈው መኸር ትል ለምርመራ ይደርሳል፣ የሚመጣው ክረምት ደግሞ ገና አልገባም። ከ7 ወር በታች ያለ ቡችላን መመርመር ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

የደም ናሙና አወሳሰድ

በመጀመሪያ የውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መረጋገጥ አለበት። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ ወይም ያልታወቀ ውሻ የነከሰውን ውሻ ለናሙና ብሎ መያዝ አይፈቀድም፤ ለሚመለከተው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማስታወቅ ይቀድማል። ጤናማ ጠባይ ያለው ውሻ ባለቤቱ አንገቱን አቅፎ ሲይዘው፣ አፉም በለስላሳ ፋሻ ሲታሰር ይረጋጋል። ትንፋሽ ያጠረውን ውሻ ግን አፉን ማሰር አደገኛ ነው።

ከፊት እግር ደም መልስ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር ደም ይወሰድና ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ ባለበት፣ ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ይቀመጣል። ቱቦው ቀስ ተብሎ ይገለባበጣል እንጂ አይናጥም። ማይክሮፊላሪያ በደም ውስጥ ቁጥሩ የሚበዛው አመሻሹ ላይ ስለሆነ፣ የሚቻል ከሆነ ናሙናው ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ቢወሰድ ይመረጣል። በዚያው ምሽት የማይመረመር ከሆነ በማቀዝቀዣ ይደር፤ በረዶ ቤት ግን አይግባ።

የኖት ምርመራ

አንድ ጠብታ ደም በስላይድ ላይ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ማየት ፈጣን ነው፤ እጮቹ በቀይ የደም ሕዋሳት መካከል ሲወራጩ ይታያሉ። ይሁንና እጮቹ ጥቂት ሲሆኑ ይህ ዘዴ ያመልጣቸዋል፣ ዝርያቸውንም በእርግጠኝነት አይለይም። የደሙን እጮች በቱቦ ግርጌ አሰባስቦ የሚያሳየው የኖት ዘዴ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በ1939 እ.ኤ.አ. የወጣውና የሰውን የፊላሪያ በሽታ ለማጥናት የታሰበው ይህ ዘዴ በተሻሻለ መልኩ ዛሬም ይሠራበታል። የሚጠይቀው ሴንትሪፊዩጅ (ቱቦን በፍጥነት የሚያሽከረክር መሣሪያ)፣ ማይክሮስኮፕ፣ ፎርማሊንና ሚታይሊን ብሉ የተባለ ማቅለሚያ ብቻ ስለሆነ መጠነኛ ላቦራቶሪ ያለው ክሊኒክ ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

1. ባለ 2 በመቶ ፎርማሊን ያዘጋጁ። 2 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ ፎርማሊን በ98 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ይበረዛል። በጨው ውኃ መበረዝ ስሕተት ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሳት እንዲፈነዱ የሚያደርገው ንጹሑ ውኃ ነውና። ጓንት ይልበሱ፣ መስኮትም ይክፈቱ።

2. 1 ሚሊ ሊትር ደም ከ9 ሚሊ ሊትር ፎርማሊን ጋር በሴንትሪፊዩጅ ቱቦ ያዋሕዱ። ቱቦውን ደጋግመው በመገልበጥ ፈሳሹ ወይን ጠጅ መስሎ እስኪጠራ ድረስ ይጠብቁ።

3. በደቂቃ 1,500 ዙር ለ5 ደቂቃ ያሽከርክሩት።

4. ላይኛውን ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ያፍስሱ፤ ቱቦውን መልሶ ማቃናትና እንደገና መድፋት ዝቃጩን ያስወጣዋል።

5. በዝቃጩ ላይ አንድ ጠብታ ሚታይሊን ብሉ ጨምረው ካዋሐዱ በኋላ በስላይድ ላይ አድርገው በመሸፈኛ መስተዋት ይሸፍኑ፤ መላውን ስፍራ በ100 እጥፍ ማጉያ ይቃኙ፣ ያገኙትንም በ400 እጥፍ ይለኩ።

መለካቱ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በውሻ ደም ውስጥ የሚገኝ እጭ ሁሉ የልብ ትል አይደለምና። የልብ ትል እጭ ከ290 እስከ 330 ማይክሮ ሜትር ይረዝማል፤ ራሱ ወደ ጫፉ የቀጠነ፣ ሰውነቱና ጭራው ቀጥ ያለ ነው። በቁንጫ የሚተላለፈውና ብዙም ጉዳት የማያደርሰው አካንቶኬይሎኔማ ሬኮንዲተም ግን ከ290 ማይክሮ ሜትር ያጥራል፣ ራሱ ደብዳባ ነው፣ ጭራውም አንዳንድ ጊዜ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። በቆዳ ሥር የሚኖረው ዲሮፊላሪያ ሬፔንስ ደግሞ ረዘም ያለ ሲሆን ራሱ እንዲሁ ደብዳባ ነው። መለኪያ የተገጠመለት ማይክሮስኮፕ የሌለው ባለሙያ ስላይዱን ወደ ተሻለ ላቦራቶሪ ይላክ እንጂ በግምት «የልብ ትል ነው» ብሎ አይጻፍ፤ በቁንጫ በሚተላለፈው እጭ ምክንያት አርሴኒክ ያለበትን የልብ ትል መድኃኒት የተወጋ ውሻ ያለ ጥፋቱ የተቀጣ ነውና።

የኖት ውጤት «የለም» ቢልም ውሻው ነጻ ነው ማለት አይደለም። ትሎቹ አንድ ጾታ ብቻ ከሆኑ ወይም ገና ካልደረሱ እጭ አይኖርም። ስለዚህ ከሴቷ ትል ወደ ደም የሚወጣውን አንቲጅን የተባለ ንጥረ ነገር የሚፈልገው ፈጣን የኪት ምርመራ ከኖት ጋር ጎን ለጎን ይሠራል። ኪቱ በሁሉም ክሊኒክ ስለማይገኝ አስቀድሞ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል፤ በከተማው ካልተገኘ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ መጠየቅ ይቻላል። ራጅ የሳንባ ደም ቅዳዎችን መወፈርና የቀኝ ልብን መስፋት ያሳያል፤ በአልትራሳውንድ ትሎቹ እንደ ሁለት ትይዩ አጫጭር መስመሮች ይታያሉ። የኩላሊትና የጉበት ምርመራም መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ይደረጋል።

ከሕክምናው በፊት ሊተዉ የሚገባቸው ነገሮች

ኮሶም ሆነ አልቤንዳዞል በአንጀት ላይ እንጂ በሳንባ ደም ቅዳ ላይ አይሠራም። ውሻው ኮሶ ጠጥቶ ትል ቢያወጣ የወጣው የአንጀቱ ትል ነው፤ የልቡ ትል ባለበት አለ።

ከሁሉ የበለጠ የሚያሰጋኝ ግን ለከብት የሚወጋው ባለ 1 በመቶ አይቨርሜክቲን ነው። አይቨርሜክቲን በራሱ ድንቅ መድኃኒት ነው፤ ዊሊያም ካምፕቤልና ሳቶሺ ኦሙራ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት በዚሁ ግኝት ነው። ነገር ግን ስሌቱን እንመልከት። የልብ ትልን ለመከላከል በወር አንድ ጊዜ የሚሰጠው መጠን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 6 ማይክሮ ግራም ነው፤ ለ20 ኪሎ ውሻ 120 ማይክሮ ግራም ይሆናል። የከብቱ መድኃኒት በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10,000 ማይክሮ ግራም ስላለው፣ ለዚህ ውሻ የሚበቃው 0.012 ሚሊ ሊትር ነው፤ በተራ መርፌ ይህን መስፈር አይቻልም። አንዱ ሚሊ ሊትር ከ80 በላይ ለሆኑ እንዲህ ያሉ ውሾች የሚበቃ ነው ማለት ነው። ለሰው የሚታደለው ባለ 3 ሚሊ ግራም ክኒንም ለዚሁ ውሻ ከመጠኑ 25 እጥፍ ይሆናል። በደሙ ብዙ ማይክሮፊላሪያ ያለበት ውሻ ይህን ያህል ሲሰጠው እጮቹ በአንድ ጊዜ ያልቁና ድንገተኛ የደም ግፊት መውረድ ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ እንደ ኮሊ ያሉ አንዳንድ ዝርያዎች ደግሞ በተፈጥሯቸው መድኃኒቱ ወደ አንጎላቸው ስለሚዘልቅ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይታወራሉ፣ ሊሞቱም ይችላሉ። ለውሻ ተብሎ የተዘጋጀውን ክኒን ወይም በቆዳ ላይ የሚደረገውን ጠብታ መጠቀም ያስፈልጋል።

አስፕሪንም ለዚህ በሽታ አይመከርም፤ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ደግሞ ውሻን ይጎዳሉ።

የሕክምናው ተራ

ሐኪሙ የሚከተለው የተለመደው አሠራር ከመጀመሪያው ቀን ተነሥቶ በ60ኛው፣ በ90ኛውና በ91ኛው ቀን ሦስት መርፌ መስጠት ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ይቀላል፤ ሕክምናው ግንቦት 10 ቢጀመር የመጀመሪያው መርፌ ሐምሌ 10፣ ሁለተኛው ነሐሴ 10፣ ሦስተኛው ነሐሴ 11 ይውላል።

በግንቦት 10 ዶክሲሳይክሊን ይጀመራል፤ ለአንድ ኪሎ ግራም 10 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ28 ቀን እስከ ሰኔ 7 ድረስ። ለ20 ኪሎ ውሻ ባለ 100 ሚሊ ግራም ሁለት እንክብል ጠዋት፣ ሁለት ማታ ማለት ነው። ትሉ በሰውነቱ ውስጥ ዎልባኪያ የተባለ ባክቴሪያ ተሸክሞ ይኖራል፤ ዶክሲሳይክሊን ይህን ባክቴሪያ ሲገድል ትሉ ይደክማል፣ ሲሞትም በሳንባ ላይ የሚያስነሣው ብግነት ይቀንሳል። እንክብሉ በጉሮሮ ተጣብቆ እንዳያቆስል ከምግብ ጋር ይሰጥና ውኃ ይከተለው፤ በወተት ግን አይሰጥ። በዚሁ ዕለት ወርኃዊው መከላከያ ይጀመራል፤ ማይክሮፊላሪያ የተገኘበት ውሻ ሐኪሙ አስቀድሞ የአለርጂ መከላከያ ሰጥቶት ቀኑን ሙሉ በክሊኒክ ይቆያል። ምልክት ያለበት ውሻ ብግነት የሚቀንሰው ፕሬድኒሶሎንም ይታዘዝለታል፤ መጠኑ በሐኪሙ ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ በአንድ ቀን አይቋረጥም። ዶክሲሳይክሊን ካለቀ በኋላ ያለው ወር ያለ ሥራ የሚያልፍ ቢመስልም ባክቴሪያው የጠፋበት ትል የሚመነምንበት ጊዜ ስለሆነ፣ «እንቸኩል» የሚል ባለቤት ቢኖር ሐኪሙ አይስማው።

ትልቁን ትል የሚገድለው ሜላርሶሚን የአርሴኒክ ውሁድ ነው። ለአንድ ኪሎ ግራም 2.5 ሚሊ ግራም ሆኖ በወገብ ላይ፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው የወገብ አጥንት መካከል ባለው ጡንቻ ውስጥ በጥልቀት ይወጋል። በፈዋሹና በመርዛማው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ስለሆነ ውሻው በዚያው ዕለት በሚዛን መመዘን አለበት፤ በዓይን ግምት አይሠራም። የመጀመሪያው ብቸኛ መርፌ ከትሎቹ ከፊሉን ይገድላል፤ ከወር በኋላ የሚከተሉት ሁለቱ የቀሩትን ይጨርሳሉ። ሦስቱ መርፌዎች ከ98 በመቶ በላይ ትሎችን ሲያጠፉ፣ ሁለት ብቻ በሚሰጥበት የቀድሞ አሠራር 90 በመቶ ያህሉ ይሞታሉ።

ሜላርሶሚን ካልተገኘ ዶክሲሳይክሊን ለ28 ቀንና ሞክሲዴክቲን ያለበት ወርኃዊ ጠብታ በአንድነት ይሰጣሉ። በዚህ መንገድ ትሎቹ እስኪያልቁ ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ የሳንባው ጉዳትም እስከዚያው ይቀጥላል። አንቲጅኑ በየ6 ወሩ ይመረመራል። ትልቁ ደም መልስ የተዘጋበት ውሻ ግን መፍትሔው በአንገት ደም ሥር ገብቶ ትሉን በመሣሪያ ማውጣት ነው።

በግቢ ውስጥ ማሳረፍ

ከመድኃኒቱ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ውሻው ምርመራው ከተረጋገጠበት ቀን ጀምሮ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስከ 6 ወይም 8 ሳምንት፣ በምሳሌያችን እስከ መስከረም 18 ወይም ጥቅምት 2፣ መሮጥ የለበትም። የበለጠ የሚያሰጋው ከመርፌ በኋላ ከ7ኛው ቀን ጀምሮ እስከ አራተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ነው፤ የሞቱት ትሎች የሚበጣጠሱት ያን ጊዜ ነውና ልቡ ደም በኃይል በገፋ ቁጥር ስብርባሪው ወደ ሳንባ ይነዳል።

በባሕር ዳር አብዛኛው ውሻ ግቢ ጠባቂ ነው። በሰንሰለት ስለታሰረ ዐረፈ ማለት አይቻልም፤ በሰንሰለቱ ልክ ወዲያና ወዲህ እየተወረወረ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር የሚጮኽ ውሻ ሲሮጥ እንደዋለ ይቆጠራል። ከበሩ ራቅ ያለ፣ መንገዱ የማይታይበትና ነፋስ የሚገባበት ጓዳ ወይም ጠባብ ጋጣ ያዘጋጁለት፤ ለመጸዳዳት በአጭር ገመድ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይውጣ። የግቢው ጥበቃ ለእነዚህ ወራት ለሰው ይተላለፍ፤ ዘበኛ ካለም ምክንያቱ ይነገረው፣ አለበለዚያ አዝኖ ሊፈታው ይችላል። ሴት ውሻ ከሆነች በምትፈልግበት ወቅት የሰፈር ውሾች በሩን እንዳይከቡት አስቀድሞ ይታሰብበት።

በምሳሌው አቆጣጠር ሦስተኛው መርፌ የሚሰጠው በቡሄ ዋዜማ ዋዜማ ነው። ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ዱላቸውን እየደለቁ በየበሩ ሲመጡ፣ ጅራፉም ሲጮኽ ወገቡን የተወጋ ውሻ ዝም ብሎ ይተኛል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ሙልሙሉንም ሆነ ገንዘቡን ይዞ ከሰፈሩ መግቢያ ላይ ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው ማቆም ቀላሉ ዘዴ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ልጆቹም አይከፉም።

በየቀኑ ውሻው በተኛበት ትንፋሹን በደቂቃ ይቁጠሩ። በእንቅልፍ ላይ ሆኖ ከ30 በላይ እየደጋገመ የሚተነፍስ፣ ደም የሚተፋ፣ ትኩሳት የያዘው ወይም ምግብ የተወ ውሻ በዚያው ዕለት ሐኪም ይየው። ወደ ክሊኒክ ሲሄድም ተሸክመው ወይም በመኪና ይውሰዱት።

ትንኝን ማራቅና ዳግመኛ መመርመር

ወርኃዊው መከላከያ በሕክምናው ጊዜም ሆነ ከዚያ በኋላ አይቋረጥም፤ ትንኝ በማይጠፋበት በሐይቁ ዳር ዓመቱን ሙሉ መስጠቱ ይሻላል። የውሻው ማደሪያ በአጎበር ወይም በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ ውሻውም ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደዚያ ይግባ። የውኃ በርሜል ይከደን፣ የተጣለ ጎማና ቆርቆሮ ይደፋ። ፐርሜትሪን ያለበት የትንኝ መከላከያ ለውሻ ቢጠቅምም ድመትን ይገድላል፤ ድመትና ውሻ አብረው በሚተኙበት ቤት አይደረግ።

ከመጨረሻው መርፌ አንድ ወር ያህል በኋላ፣ በምሳሌያችን በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት፣ ማይክሮፊላሪያ መጥፋቱ በኖት ይታያል። የአንቲጅኑ ምርመራ ግን 9 ወር ይቆያል፤ የሞቱት ትሎች ቅሪት ከሰውነቱ እስኪጠፋ ኪቱ «አለ» ማለቱን ሊቀጥል ስለሚችል ቶሎ መርምሮ ሁለተኛ ዙር መርፌ ማዘዝ ተገቢ አይደለም። በምሳሌያችን ይህ በሚቀጥለው ግንቦት ላይ ይውላል፤ ውጤቱ ያን ጊዜም «አለ» ካለ፣ ሁለተኛ ዙር ሕክምና ስለ መጀመሩ ሐኪሙ ይወስናል።